ቡኒ እስኪወጣ

ሐምሌ 12፣ ደባርቅ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ጽጌሬዳ ናት። ከሆስፒታል የተረፈ መዝገብ ነው፤ በየገጹ አናት ላይ «የታካሚ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የሕመሙ ዓይነት» የሚል ታትሞበታል። እሺ፣ እንሙላው። ስም፦ ሠርካለም ያርጋል። ዕድሜ፦ አሥራ ስድስት። ቀበሌ፦ ጭቃው ከሁሉም የሚጠልቅበት። የሕመሙ ዓይነት፦ ምላስ። የመጨረሻውን የመረመሩት አያቴ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ናቸው፤ መድኃኒት እንደሌለውም ነግረውኛል።

ጽጌሬዳ የጓሮ ክፍላችንን የተከራየች ልጅ ናት። ሆስፒታሉ ዘንድሮ የቲሹ ክፍል የሚባል ከፍቶ እሷን አምጥቶበታል። ከሰው ገላ የተቆረጠ ሥጋ በስሱ እየላገች ቀለም ትነክርና በማይክሮስኮፕ ታያለች። ክፍሉ ቀድሞ ልብስ ማጠቢያ ነበር። አባዬ ይህን ሲሰማ «ታዲያ አሁንም እኮ ማጠብና መንከር ነው» አላት። ሁለት ቀን ሰላም አላለችውም።

አባዬ ተራራው ላይ፣ ፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ስካውት ነው። ጠመንጃ አንግቶ ፈረንጅ ይጠብቃል፤ ከምን እንደሚጠብቃቸው እስካሁን አልገባኝም፣ ከጭላዳ ይሆናል። መርፌ ሲያይ ግን ይቀመጣል። ወንበር ከሌለም ይቀመጣል።

እማዬ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ከፋሲካ ጀምሮ ግራ ጡቷ ውስጥ ባቄላ የምታህል ነገር ነበረቻት፤ ለማንም ሳትናገር ከረመች። እኔ አንድ ምሥጢር ከቁርስ እስከ ምሳ ጠብቄ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ልኬት ስትለካኝ ክንዷን ከፍ አድርጋ «እህ» አለች። ያቺ «እህ» ናት ያጋለጠቻት። የደባርቁ ቀዶ ሐኪም እረፍት ላይ ነው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ደባት የሚመጣ ስላለ እዚያው አባቷ ቤት ልንሄድ ነው። እኔ የምሄደው ቦርሳ ለመያዝ ነው ተብሏል። ቦርሳው ባዶ ነው።

ሐምሌ 18፣ ደባት

ተወሰደ። ሐኪሙ ጡቷን አደንዝዞ ከእብጠቱ ቁራጭ አወጣ። የባቄላ ግማሽ እንኳ አይሆንም። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ፣ ፎርማሊን የሚሉት ዐይን የሚያቃጥል ውኃ ውስጥ ጣሉት። ላዩ ላይ «ማንጠግቦሽ ኪዳነ ማርያም» ብለው ለጠፉበትና ለአያቴ ለአባባ ሰጧቸው። «ነገ ደባርቅ ለቲሹ ክፍል ያድርሱ» ብለዋቸዋል።

አባባ ብልቃጧን በነጠላቸው ጠቅልለው እንደ ጽላት ነው ተሸክመዋት የመጡት። መንገድ ላይ የተሳለማቸውን ሰው ሁሉ በግንባራቸው ብቻ እጅ ነሱት።

እማዬ ተኝታለች። ስፌቷን በመስታወት አይታ ምን አለች? «ይህ ሐኪም እኔ ዘንድ ሦስት ወር ቢሠለጥን አንድ ነገር ይወጣዋል።»

ማታ አባባ ብልቃጧን ከፍተው አሸተቱና ሦስት ጊዜ አስነጠሳቸው። «ሠርክዬ፣ ምንድን ነው ይህ ውኃ?» አሉኝ። እኔም ምላሴ በላኝና «ሬሳ እንዳይፈርስ የሚያደርጉበት ነው» አልኳቸው። ይህ እውነት ነው፣ ባዮሎጂ መምህራችን ነግሮናል። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ፊታቸው ሲለዋወጥ ሳይ ግን «ቁራጩ እዚያ ውስጥ ሲሰነብት ባለቤቱም ቀስ እያለ ይደርቃል ይባላል» ብዬ ጨመርኩበት። አፋቸው ተከፈተ። በሩ ጀርባ ሄጄ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ሐምሌ 19

ገብርኤል። መንገድ ተዘግቷል፣ መኪና የለም። አባባ ከማኅሌት መጥተው ተኙ። ብልቃጧ ከሥዕሉ ሥር፣ ከጠበሉ ጀሪካን አጠገብ።

ስለ ብልቃጧ ዛሬ አልጽፍም። ዝናብ።

ሐምሌ 20

ዛሬም መኪና የለም። ብልቃጧን አሸተትኳት። ትንሽ ይሸታል። ትንሽ ከሸተተ ይሸታል ማለት ነው።

ሐምሌ 22፣ ደባርቅ

ትናንት መንገድ ተከፍቶ ገባን። አባባ ራሳቸው ናቸው ለጽጌሬዳ ያስረከቧት፤ በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው። ጽጌ ከፍታ አሸተተችና ቅንድቧ ወጣ።

«ምነው ፎርማሊኑ ሳሳ? ደባት ቆጥበውብኝ ነው?»

አባባ «እንጃ ልጄ» አሉ። እኔ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር።

ጫማዬ ክር የለውም።

ሐምሌ 29

ካንሰር ነው።

ጽጌ አልነገረችኝም፤ ዶክተር ሰብስቤ ነው ለእማዬ የነገራት። በየሳምንቱ ከጎንደር እየመጣ ጽጌ ያዘጋጀችውን ያነባል። እማዬ «እሺ» ብላ ወጣች። ቤት ገብታ ያላለቁትን ሰባት ቀሚሶች ጨረሰች። ስምንተኛውን ስትጀምር የስፌት መኪናውን አቁማ ክሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ልቀልድ ፈልጌ የሚቀለድ አጣሁ። ይህ ሲደርስብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አባዬ ከሳንቃ በር በጭነት መኪና ወረደ። ከጎረቤታችን ጋር አጥር ሥር ሲያወራ ሰማሁት። «አይዞህ፣ አሁንማ መድኃኒት አለው ይላሉ» ይለዋል ሰውዬው። አባዬም «መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ ሥጋዋን ነው የሚጠይቁት» አለ። ይህን ያህል በትክክል የተናገረው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው። ለጽጌ ነገርኳት፣ አሁን ከልቧ ታረቀችው።

ነሐሴ 2

ዛሬ ጽጌ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ጥያቄው ይህ ነው፦ የእማዬ እብጠት የሴት ሆርሞን የሚቀበል አንድ ፕሮቲን አለው ወይስ የለውም? ካለው፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቤቷ ተቀምጣ በየቀኑ የምትውጠው ክኒን አለ፤ የእብጠቱን በር ይዘጋበታል። ከሌለው ክኒኑ ከንቱ ነው። ጎንደር እየተመላለሰች ፀጉር የሚያረግፈውን መድኃኒት በደም ሥር መውሰድ ብቻ ይቀራታል።

ፕሮቲኑ ደግሞ በዐይን አይታይም። እንዲታይ የሚደረግበትን መንገድ ለአባዬ በሱ ቋንቋ ተረጎምኩለት።

«ስማ አባዬ። መጀመሪያ አንድ ስካውት ይላካል። ይህ ስካውት በተራራው ሁሉ የሚያውቀው ዋልያን ብቻ ነው። ጭላዳ ቢያይ አይቆምም፣ ቀይ ቀበሮ ቢያይ አይቆምም። ዋልያ ካገኘ ግን ሙጭጭ ብሎ ይይዘዋል። ከኋላው በቅሎ ጫኝ ይላካል። እሱ ዋልያን አያውቅም፣ የሚያውቀው ስካውቱን ብቻ ነው፤ ሄዶ እሱን ይይዛል። በመጨረሻ ጽጌ አንድ ፈሳሽ ታፈስበታለች። ፈሳሹ የበቅሎዋን ጭነት ሲነካ እዚያው ላይ ቡኒ ይሆናል። ዋልያ በሌለበት ስካውት የለም፣ ስካውት በሌለበት በቅሎ የለም፣ በቅሎ በሌለበት ቡኒ የለም።»

አባዬ አሰበና «በቅሎ ጫኞቹማ ያለ ስካውትም ይሄዳሉ። ባለፈው ጨነቅ ካምፕ ላይ አንዱ...» ብሎ ጀመረ። ስለ በቅሎ ጫኞች እራት እስኪቀርብ አማረረ።

ጽጌ ግን «ልክ ነው፤ ለዚህ ነው በየመሐሉ የማጥበው። የባዘነች በቅሎ ጭነቷን አጉል ቦታ ከጣለች አጉል ቦታ ቡኒ ይሆንብኛል» አለች። ቀጥላም «ግን ዋናው ፎርማሊኑ ነው። ሥጋው እንደ ተቆረጠ ባለበት የሚያቆመው እሱ ነው። ከሳሳ ፕሮቲኑ ይፈርሳል፤ ስካውቱ ደርሶ ዋልያውን ያጣዋል» አለች።

ይህን ስትል አላየችኝም። እኔም አላየኋትም።

ነሐሴ 5

ቀለሙ የሚነከርበት ቀን። ጓንት አድርጌ፣ ምንም ላልነካ ምዬ፣ ጥግ ላይ ተቀመጥሁ።

የእማዬ ሥጋ በሰም ተይዞ፣ በምላጭ ከፀጉር በቀጠነ ተልጎ፣ መስታወት ላይ ተለጥፏል። መጀመሪያ ሰሙ ታጠበ። ከዚያ መስታወቱ በመድኃኒት ውኃ ውስጥ ተቀቀለ፤ የተሸፈነው ፕሮቲን እንዲገለጥ ነው አለች። የሚቀቀለው በምንድን ነው? በእማዬ ፕሬዠር ኩከር! ጽጌ ሰኔ ላይ «አውሺኝ» ብላት የወሰደችው ለሽሮ መስሎን ነበር። ጽዳት ሠራተኛዋ በበሩ አልፋ «በፍልሰታ ሥጋ ትቀቅላለች» ብላ ያስወራችባትም ይህንኑ ነው።

ስካውቱ ተላከ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። መብራት ጠፋ፣ መጣ። ታጠበ። በቅሎ ጫኙ ተላከ። ታጠበ። ፈሳሹ ተንጠባጠበ።

ሁለት መስታወት ነበር። አንዱ ምስክር ነው፤ ፕሮቲኑ እንዳለው አስቀድሞ የታወቀ የሌላ ሰው ሥጋ፣ ቀለሙ መሥራቱን የሚመሰክር። እሱ ዐይናችን እያየ ቡኒ ሆነ፤ ጤፍ የሚያካክሉ ነጥቦች። የእማዬ ባዶ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ ሁለቱም ሰማያዊ ተነከሩ፣ ሌላው ሥጋ እንዲታይ። የእማዬ ሰማያዊ ብቻ። ደመና የሌለው፣ ምንም የሌለው ሰማያዊ።

«የለውም ማለት ነው?» አልኳት።

ጽጌ ከማይክሮስኮፑ ላይ አልተነሳችም። «እዚህ ጠርዝ ላይ ጤነኛ የወተት ቱቦ አለ፤ ሁለት ብቻ። ጤነኛውም እኮ ትንሽ ትንሽ ቡኒ ማውጣት ነበረበት። እሱም ዝም ብሏል።»

«ዝም ካለ?»

«ሥጋው በደንብ ሳይያዝ ቀርቶ ይሆናል። ግን ሁለት ብቻ ናቸው፣ ትንንሽ። ዶክተሩ ምክንያት ይጠይቀኛል፤ ምክንያት የለኝም። ከነገ ወዲያ መጥቶ ‹የለውም› ብሎ ሊፈርም ይችላል።»

ምክንያት የለኝም አለች። እኔ ከሷ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር።

ነሐሴ 6

እሺ። እጽፈዋለሁ።

ሐምሌ 19 ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ አባባ ሥዕሉ ሥር ተንበርክከው ነበር። ብልቃጧ ተከፍታለች። ፎርማሊኑን በጥንቃቄ ወደ ውጭ ደፉት። ቁራጩ እንዳይወጣባቸው ፈርተው ከታች አንድ ጣት ያህል ተዉለት። ከዚያ ከጀሪካኑ የማርያምን ጠበል እስከ አፏ ሞሉባት። «ልጄን አታድርቃት» ሲሉ ሰማሁ።

ልጄን አታድርቃት። ይህ የእኔ ቀልድ ነው። ቃል በቃል የእኔ።

ያን ጊዜ «አባባ፣ ቀልዴን ነው፣ ውኃውን መልሱት» ማለት እችል ነበር። ግን ውኃው መሬት ላይ ነበር። ቢሆንም ሐኪሙ ገና ደባት ነበረ፤ ሮጬ ሌላ ፎርማሊን ማምጣት እችል ነበር። ያልሄድኩት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሐኪሙ «ማን ደፋው?» ይላል፣ «አያቴ» እላለሁ፣ «ለምን?» ይላል። ያቺን «ለምን» ነው የሸሸኋት።

ለሰው ሁሉ መልስ አላት የምባለው እኔ ነኝ።

አሁን ሦስት ነገር እያሰብኩ ነው። አንደኛ፣ ከተናገርኩ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም፣ ስንት ደቀ መዝሙር ያስተማሩ ሰው፣ በሆስፒታሉ መሳቂያ ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ ካልተናገርኩ እማዬ የሚጠቅማትን ክኒን ልታጣ ትችላለች። ሦስተኛውን ረሳሁት። ሦስተኛ የለም። ነገ «የደፋሁት እኔ ነኝ፣ በስሕተት ተደፍቶብኝ ነው» እላለሁ። አባባን አላነሳም።

እማዬ ከወዲያኛው ክፍል «መብራቱን አጥፊ፣ መጽሐፍ ልታወጪ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ነሐሴ 7

በጠዋት ወደ ቲሹ ክፍል ሮጥኩ። ንግግሬን መንገድ ላይ አጠናሁ። በሩን ከፍቼ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ በአንድ ትንፋሽ «ጽጌ፣ ፎርማሊኑን የደፋሁት እኔ ነኝ፣ እጄን አዳልጦኝ ነው፣ ውኃ ጨመርኩበት፣ ማንም አላየኝም» አልኩ።

ዐይኔን ስከፍት አባባ ተቀምጠዋል። ጥምጣማቸው በዝናብ ርሶ፣ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። በፍልሰታ ሱባዔ አቋርጠው አንድ እርምጃ ሄደው የማያውቁ ሰው፣ ከደባት በመጀመሪያው መኪና መጥተዋል።

ጽጌ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች። «አንዲት ብልቃጥ ስንት ሰው ነው የሚደፋት?»

ለካ እማዬ ትናንት ማታ በስልክ «ቀለሙ አልወጣም አሉ» ብላቸው ኖሯል። ሌሊቱን አልተኙም። «የደፋሁት እኔ ነኝ ልጄ» አሉ ለጽጌ። «ሽታው ከበደኝ። ጠበል ሞላሁበት። የሥጋው ነገር እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም።»

«ማን ነገረዎት እንዲደፉ?»

አባባ አዩኝ። እንዲህ ረጅም አድርገው አይተውኝ አያውቁም።

«ማንም» አሉ። «የገዛ ራሴ አሳብ ነው።»

የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ልል ነበር። አላልኩም። «እኔ ነኝ» አልኩ። «የሚያደርቅ ነው ብዬ አስፈራራኋቸው። ለሳቅ ነው።» ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ንፍጤ ሳይቀር ወጣ።

ጽጌ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እስክሪብቶ አንስታ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። «ምክንያት አገኘሁ» አለች። «ዶክተሩ ዛሬ አይፈርምም። ናሙና ይደገማል።»

ይደገማል ማለት እማዬ እንደገና ትቆረጣለች ማለት ነው።

ነሐሴ 9

አባባ የጠበሉን ነገር ለእማዬ ራሳቸው ነገሯት። እማዬ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ስፌቷ አመማትና ተወችው። «አባቴ፣ ያልተጠመቀ ነገርስ እንዳይቀርብኝ ነው?» አለች። ስለ ቀልዴ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልተነፈስኩም። ነገ እነግራታለሁ።

ነሐሴ 10

ደባርቅ ላይ ተደገመ። አባዬ እጇን ይዞ ሊቆም ገብቶ እጇን ይዞ ተቀመጠ። ጽጌ ራሷ ብልቃጧን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ከቢላው እስከ ፎርማሊኑ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ክዳኗን በፕላስተር ሦስት ዙር ጠመጠመችና ለአባባ ዘረጋችላቸው።

«የኔታ፣ አሁን ይባርኳት። ከውጭ።»

አባባ ቅስናም አላቸውና መስቀላቸውን አውጥተው ፕላስተሩ ላይ ባረኩ። በጣም በትንሹ። እንዳይከፈት የፈሩ ይመስላሉ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ሕመም ላይ ናት።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆች በር ላይ ጨፈሩ። ሥጋው በሰም ውስጥ ነው። አልነገርኳትም። እንግዳ በዝቶ ነው።

ነሐሴ 15

ቡኒ!!!

በሥርዓት ልጻፈው። ስካውት፣ እጥበት፣ በቅሎ ጫኝ፣ እጥበት። ጽጌ ፈሳሹን ስታንጠባጥብ እኔና አባባ ትንፋሽ አቆምን። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። መስታወቱ ላይ፣ የተላገው ሥጋ ባለበት፣ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት የሚመስል ጥላ ወጣ። ጠቆረ። ጽጌ «ነይ ወደኔ፣ ነይ» እያለች ነበር፣ ለሥጋው። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ከዚያ «ጤነኛውም አለ፣ እብጠቱም አለ። ሞልቷል» አለች።

አየሁት። ሰማያዊ ሜዳ ላይ ቡኒ ዘር የተዘራ ይመስላል።

አባባ ተራቸው ደረሰ። መጀመሪያ የሚያዩበትን ዐይን ጨፈኑ። ቀጥለው «ጥቁር ሣር ይታየኛል» አሉ፤ የገዛ ሽፋሽፍታቸው ነበር። በሦስተኛው አዩት። ብዙ ቆዩ። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ብራና የጻፉ ሰው ናቸው። ቀና ሲሉ እንዲህ አሉ፦

«ይህን ሥራማ አውቀዋለሁ። ገጹን ሁሉ በጥቁር ቀለም እንጽፋለን፤ የእመቤታችን ስም ሲመጣ ብዕር እንለውጥና በቀይ እንጽፋለን። ከሩቅ የሚያይ ሰው ንባቡን ባያውቅ እንኳ ስሟ የት እንዳለ ያያል።» ወደ ጽጌ ዞሩ። «አንቺም ስም ነው የለየሽው።»

ጽጌ ይህን ያህል ትምህርት ተምራ እንዲህ ያስረዳት ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ስለ በቅሎ ያወራሁት ትንሽ አሳፈረኝ።

ዶክተር ሰብስቤ በስልክ ፎቶውን አይቶ «ክኒኑ ይጠቅማታል» ብሏል። ቀዶ ጥገናው ጥቅምት ላይ ጎንደር ነው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የክኒኑ መንገድ ተከፍቷል። አባባ ለፍልሰታው ቅዳሴ ለመድረስ በሩጫ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። መሪጌታ ሲሮጡ ያየ ሰው ደባርቅ ውስጥ ከኔ በቀር የለም፤ ለዚህ ምላሴን ይዣለሁ።

ጳጉሜን 2

ዛሬ ነገርኳት። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ «ነገ» ስል ከርሜ፣ ዩኒፎርሜን ስትለካኝ፣ መርፌ አፏ ውስጥ ስላለ መልስ አትሰጥም ብዬ ነገርኳት። ስለ ሬሳው፣ ስለ ማድረቁ፣ ስለ ሳቄ።

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና መርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው።

«ደባት በሩ ጀርባ ስትስቂ እኔ የት የተኛሁ መሰለሽ? ከግድግዳው ማዶ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሳቁን ሰማሁ። ነገሩን የገመትኩት አባቴ ስለ ጠበሉ ሲነግሩኝ ነው፤ እሳቸው ያለ ምክንያት የሚደፉ ሰው አይደሉም። መቼ እንደምትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።» የቀሚሷን አንገት ወደ ጎን ሳበች። ሁለቱ ስፌቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ የተጨማደደ፣ አንዱ ቀጥ ያለ። «ይህ የደባቱ ሐኪም ነው። ይህኛው ያንቺ ነው። ጥሩ ስፌት ነው፤ ደባርቅ ያለው ሰውዬ እጅ አለው። ቢሆንም ያንቺ ነው።»

ከዚያ ልኬቷን ቀጠለች። ክንዴን ስታነሳ አቅፋኝ ትንሽ ቆየች። ምናልባት ወገቤን እየለካች ነው። ሜትሩ ግን መሬት ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ «ሂጂና ለጽጌሬዳ የመለሰችውን ፕሬዠር ኩከር ስጪያት፣ ለኔ ከእንግዲህ ለምግብ አይሆነኝም» አለችኝ። ውጭ ዝናብ ነበር። «እማዬ፣ እሷ እግር የላትም እንዴ?» ልል አፌን ከፈትኩ።

እጇን አንገቷ ላይ አደረገች፣ ቀሚሷን ስባ ስፌቱን ልታሳየኝ ያለች ይመስል።

ፕሬዠር ኩከሩን ይዤ ወጣሁ።